ጉንጭ ላይ የቀዘቀዘ ቃጫ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር አንዲት ተማሪ መሃሉ የተሰነጠቀ ሰሌዳ ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት እናት ዝም ማለት አልቻሉም።

«ይሄ የእንሰት ቃጫ አይደል እንዴ? ምን ብታደርጊው ነው ጣውላ የመሰለው?»

«ከጉሎ ዘይት በተሠራ ሙጫ አጣብቄው ነው፣ እማማ። የመመረቂያ ሥራዬ ነው።»

«ታዲያ ምነው ተሰነጠቀ?»

«ሙጫው አረፋ እየሠራ ይለቃል። ይሄ ሦስተኛዬ ነው። አርብ ደህናውን ካላቀረብኩ ዘንድሮ አልመረቅም።»

«ቃጫውን ምን አደረግሽው?»

«ገመድ የሚገምዱ ሰዎች በውሃ ሲያርሱት አይቼ እኔም አራስኩት።»

«እነሱማ እንዲገመድላቸው ነው! እርጥብ ላይ ምን ሙጫ ይይዛል?»

«ኧረ መልሼ አድርቄዋለሁ!»

«እስቲ የተረፈሽ ካለ አምጪ።»

ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ጉንጫቸው ላይ ለጠፍ አደረጉት።

«ይቀዘቅዛል። አልደረቀም። ሞክሪው።»

«ውይ፣ እውነትም! በእጄ ስነካው እኮ ደረቅ ነበር።»

«በእጅማ አይታወቅም፣ የኔ እመቤት። በዝናብ ጊዜ እኛ ከምድጃ በላይ ነው የምንሰቅለው።»

«ዶርም ውስጥ ምድጃ ከየት ላምጣ?»

«እኔ ቤት አለልሽ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ነው፤ ከፒያሳ በእግራችን እንወርዳለን። ተነሽ። ወራጅ አለ!»

ከኋላ ወንበር እጄን ዘርግቼ እኔም ጉንጬ ላይ የምሞክራት አንዲት ክር ልለምናቸው ስል በሩ ተዘጋ።