ኳች ጃል ለሚባል ሰው ስለተሰጠው ልዩ ሙያ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ
የምስክሩ ስም፦ ወንዳፍራሽ ተሰማ
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የሒሳብ መምህር
አድራሻ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ የመምህራን ሰፈር
ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ኦጆት ኡቦንግ

የጤና ጣቢያ ድሬሰር የሆነው ጆክ ጃል ከሥራው ስለመጥፋቱ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ።

ከጥቅምት ወር ጀምሮ እሑድ እሑድ፣ ጆክ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እኔ ቤት እንጫወት ነበር። ሦስተኛዋ ተጫዋች ነርስ ፀዳለ ናት። ጨዋታው ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶልኝ የሄደው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀት ላይ አንድ ሰው ፈጥሮ ሙያ ይሰጠዋል፤ እሱን ሆኖ ይናገራል። ብዙ ገጽ ያላቸው ባለቁጥር ጠጠሮች ተወርውረው የሚደርስበት ይታወቃል፤ አደጋ ባለፈ ቁጥርም በደረጃ ያድጋል። ዳኛው እኔ ነበርኩ። ፖለቲካ የለበትም። የቀበሌው ምዝገባ ጸሐፊ ስለሆንኩና ወረቀት ስላልነበረን በትርፍ የነዋሪ መመዝገቢያ ቅጽ ተጠቀምን፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያና ልዩ ሙያ የሚል ቦታ ስላለው ለጨዋታው የተሠራ ነው የሚመስለው። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

ጆክ የፈጠረውን ሰው ኳች ጃል አለው። ኳች ታላቅ ወንድሙ ሲሆን ከስድስት ዓመት በፊት ባሮ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ አስከሬኑ አልተገኘም። የሟች ስም ለጨዋታ አይሆንም ብዬ ተቃወምኩ። እሱ ግን በወገኖቹ ባህል ሰው ሳይወልድ ከሞተ ወንድሙ በስሙ ሚስት እንደሚያገባለት፣ የሚወለዱትም የሟቹ ልጆች እንደሚባሉ አስረዳኝ። «እኔ ከብት የለኝም፣ መምህር። እስካገኝ በወረቀት ይኑር» አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ፈቀድኩለት።

ኳች ተራ ወታደር ሆኖ እስከ አምስተኛ ደረጃ አደገ። በመጋቢት ወር ጆክ ልዩ ሙያ ይሰጠው፣ ወንዝ አሻጋሪ ይሁን አለ። እኔ ተራ ወታደር ሆኖ ቢቆይ ይሻላል ባይ ነኝ። ተራ ወታደር ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ሁሉንም ይሞክራል፤ ልዩ ሙያ የያዘ ግን በአንዱ ነገር ይበረታና ሌላው ይዘጋበታል፤ መመለስም የለም። ሁለት እሑድ ተከራከርን። በመጨረሻ «የጠየቀኝ ራሱ ኳች ነው» ሲል ሳቅን። በቅጹ ላይ «ወንዝ አሻጋሪ» ብዬ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ኳች ወንዝ ሲያሻግር ጠጠሩ አንድ ጊዜም አልከዳውም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ቆጥሬአለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ፀዳለ ፈርታ መምጣት ተወች።

ሚያዝያ 20 ቀን ቀበሌው የምዝገባውን ፋይል ሲጠይቀኝ የእኛ ወረቀቶች መካከሉ መኖራቸውን ሳላስተውል አስረከብኩ። ፀዳለ የፈጠረቻት ሴት ቅጽ ሙያዋን «አስማተኛ» ስለሚል ቀልድ ነው ተብሎ ተጥሏል። የኳች ግን የእውነተኛ ነዋሪ መስሎ አልፏል።

ሚያዝያ 29 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በቀበሌው ግቢ የብሔራዊ ውትድርና ስም ሲጠራ ከጆክ ጋር ጎን ለጎን ቆመን ነበር። የጤና ሠራተኛ ስለሆነ ጥሪው እሱን አይመለከትም። ልዩ ሙያ ያላቸው ይቅደሙ ተባለና «ኳች ጃል፣ ወንዝ አሻጋሪ» ተብሎ ተጠራ። ከጎኔ «አቤት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጆክ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ድምፁን ግን አላውቀውም። እናቱ ወይዘሮ ኛጋች ከአጥሩ ውጭ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ዞረው ሳያዩ «ኳች» አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። የጆክን እጅ ብይዝም አስለቅቆኝ ምልምሎቹ የሚጫኑበት መኪና ላይ ወጣ።

ስህተቱን ወዲያው ለቀበሌው ሊቀመንበር ባስረዳ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለኝ። በኋላ ግን ሰውየው በራሱ አፍ ጆክ ነኝ ካለ እንደሚለቀቅ፣ ካላለ ሰኞ ግንቦት 17 ቀን ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን እንደሚሄድ ተነገረኝ። ስለዚህ ግንቦት 12 ቀን ከሃምሳ አለቃ ኦጆት ጋር መቱ አጠገብ ወዳለው ማሠልጠኛ ሄጄ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፊት ለፊት አገናኙን። መልኩ የጆክ ነው። መርፌ ሲቀቅል የተቃጠለው አውራ ጣቱም ያው ነው። እናትህ እየጠበቁህ ነው፣ ስምህን ብቻ ተናገር ብዬ ለመንኩት፤ ማልቀሴንም አልደብቅም። በትሕትና ካዳመጠኝ በኋላ እንዲህ አለ፦

«ይቅርታ ጓድ፣ አላውቅዎትም። ጆክ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ባሮ ወሰደው።»

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ አንድም ያልተናገርኩት እንዳልተጨመረበት አረጋግጫለሁ። ሐሰት ከተገኘበት በሕግ እንድጠየቅ እፈቅዳለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ወንዳፍራሽ ተሰማ

በማሠልጠኛው የተባለውን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።
ሃምሳ አለቃ ኦጆት ኡቦንግ፦ ፊርማ