አቶ አሣሄል ትሬድዌል የጠበቁት ፈቃድ

አቶ አሣሄል ትሬድዌል ከአባታቸው ከአቶ ኤልናታንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቃስያ በ1726 በዚሁ በኒው ሃምፕሸር፣ ከወንዙ ማዶ ባለው እርሻ ተወለዱ። ፊደል ከእናታቸው ቆጥረው፣ በበረዶው ወራት ከሚመጣው መምህር ዘንድ ስሌትና ጽሕፈት ተምረው፣ የእጅ ጽሕፈታቸው ከሁላችንም ያማረ ስለ ነበር ገና በወጣትነታቸው ያን ጊዜ ይገዛን ለነበረው ለእንግሊዝ ንጉሥ ደን ጠባቂነት ተመረጡ። ሥራቸውም ለመርከብ ምሰሶ የሚበቃውን ነጭ ጥድ፣ በሰው መሬት ላይ የበቀለውን እንኳ ሳይቀር፣ በመጥረቢያ የፍላጻ ምልክት እየቀረጹ የንጉሡ ማድረግ ነበር።

ይህ ሥራ ወዳጅ አያፈራም። በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጣቢታና ከአንዲት ልጃቸው ከኬጡራ በቀር የሚቀመጥ አልነበረም፤ እኛም ቤት ስናቆም አገሩን ሁሉ ጠርተን እርሳቸውን እንዘል ነበር። እርሳቸው ግን ቂም ሳይዙ፣ ሕግ ሕግ ነው ብለው፣ ከቤታቸው ጀርባ የቆመውን ትልቁን ጥድ ሳይቀር በገዛ እጃቸው ምልክት አደረጉበት።

በ1772 በሐምሌ መብረቅ ያንን ጥድ ሰንጥቆ ወደ ጣሪያቸው አዘነበለው። ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ጭምር መጥረቢያ ይዘን ሄደን ዛሬውኑ እንጣለው ብንላቸው፣ የንጉሡ ነውና ይጠየቅ ብለው ባማረ እጃቸው ማመልከቻ ጻፉ። የወደቡ ሹም ሥልጣን የለኝም ብሎ ወደ ሎንዶን አሳለፈው። ያን ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ኬጡራ፣ "አባባ፣ እኔው ልቁረጠውና እኔ ልታሰር" እያለች ስትለምናቸው በጆሯችን ሰምተናል።

መልሱ ገና ባሕር ላይ ሳለ በኅዳር ነፋስ ጥዱ ቤቱ ላይ ወደቀ፤ ወይዘሮ ጣቢታም እሳት ዳር እንደ ተቀመጡ አረፉ። በሚያዝያ ከሎንዶን የመጣው ወረቀት ዛፉ ለግርማዊነታቸው መርከቦች ስለሚያስፈልግ እንዳይነካ ያዝዛል። አቶ አሣሄል አንብበው፣ አጥፈው፣ ኪሳቸው ከተቱት። ኬጡራ በዚያው ሳምንት ቤቱን ጥላ ወጣች።

በ1775 መንደሩ ንጉሡን ለመውጋት ሲሰበሰብ ከሁሉም ቀድመው ስማቸውን ያስመዘገቡት እርሳቸው ነበሩ። በንጉሡ ቀረጥና በወታደሩ ስንቆጣ የኖርነው ሰዎች ገርሞን፣ አንቱን ደግሞ ምን ነካዎ ብንላቸው፣ "ንጉሡ ክፉ ናቸው ብዬ አይደለም። ቤቴን አይተውት ለማያውቁ ሰው ብዬ ሚስቴን ከዛፍ ሥር አስቀመጥኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛ ግን ከባሕር ማዶ ፈቃድ አልጠብቅም" አሉ።

ስድስት ዓመት ዘምተው፣ ግራ እጃቸውን አጥተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልዘለላቸውም፤ ነገር ግን ድሉ የሁላችን ሲሆን ባዶ ቤት የጠበቀው እርሳቸውን ነበር። በየዓመቱ ለኬጡራ ይጽፉ ነበር፣ መልስ ግን አላገኙም። ብቸኝነታቸውን እያየን እንዴት ዋሉ ከማለት በቀር ያደረግንላቸው ነገር አልነበረም፤ ይህም ይቆጨናል።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከትናንት በስቲያ ዐርፈዋል። ከኋላቸው የቀረችው አንዲት ልጃቸው ናት። መታመማቸውን ሰምታ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ትናንት ደረሰች፤ አስከሬናቸውን አጥባ የገነዘችውም እርሷ ናት። የዚህን ጽሑፍ መጨረሻ ለእናንተ ሳይሆን ለእርሳቸው እንዳነብበው ለምናኛለች።

አቶ አሣሄል፣ ልጅዎ መጥታለች። እግዚአብሔር ነፍስዎን ከጣቢታ አጠገብ ያሳርፍ።