አይስክሬም ቤቱ በስተግራ ነው

«አየሽ ፔሪና፣ ባሕሩ ዛሬ እንዴት አድርጎ እንደ ተኛ? ነፋስ የለ፣ ማዕበል የለ። ለመንገደኛ እንዲህ ያለ ቀን ነው የሚያምር። ባርኔጣሽን አትጣይ እንጂ ልጄ... ፀሐዩ ለማንም አያዳላም፤ ለተደሰተውም ላልተደሰተውም ያው ነው።»

ኒክሻ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚያጫውታት። ፔሪና ዓመት ካለፋት ጥቂት ነው፤ አፏን ገና አልፈታችም። ከ«ባ» በቀር ቃል አታውቅም። ጀልባው ከዱብሮቭኒክ ወደብ ወጥቶ ወደ መጀመሪያዋ ደሴት እያቀና ነበር። ሦስት ደሴት በአንድ ቀን፣ ምሳ ከነወይኑ፣ ማታ መመለስ። ተሳፋሪው ሁሉ የውጭ አገር ሰው ነው። አባትና ልጅ የተቀመጡት ከመሪው ኋላ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ከካፒቴኑ ጀርባ ሌላ የምታሳየው ነገር ስለሌለ ማንም አይሻማባትም። ኒክሻ ደግሞ የመጣው ለዚያው ጀርባ ነው።

ካፒቴኑ የሟች ሚስቱ የኔዳ ወንድም ነው። ካለፈው ዓመት ቀብር ወዲህ ሁለቱ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ዛሬ የኔዳ ሙት ዓመት ነው። መቃብሯ በተወለደችበት በሺፓን፣ በሦስተኛዋ ደሴት፣ ኮረብታው ላይ ነው። ኒክሻ እንደ ልማዱ በመደበኛው ጀልባ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ እዚህኛው ላይ ተሳፈረ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ይህ ሰው ዛሬ መሪውን ለቆ፣ አብሯቸው ኮረብታውን ወጥቶ፣ ለእህቱ ሻማ እንዲያበራላት። «ና፣ አብረን እንሂድ» ለማለት ግን አንደበቱ እምቢ አለው። ስለዚህ ለልጁ ያወራላት ጀመር። አጠገቡ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ቢኖር ያ ጀርባ ብቻ ነው።

«አቀባበሉን ልብ ብለሻል? እያንዳንዱን ሰው በእጁ ይዞ ነው ያሳፈረው። ለጀርመኑ በጀርመንኛ፣ ለጣሊያኑ በጣሊያንኛ ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› አለ። አረቄውን በትንንሽ ብርጭቆ አዞረ። እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ ዝም አለ። ምን ያድርግ? በኛ ቋንቋ የሚሳፈር ሰው ከየት ለምዶ? ቲኬታችንን ግን በደንብ አይቶታል... ሁለት ጊዜ።»

ጀልባው ኮሎቼፕ ደርሶ ከአንድ የባሕር ዋሻ አፍ ቆመ። ጎብኚዎቹ እንደ ድንች ከረጢት ተራ በተራ ወደ ውሃው ይወርዱ ጀመር። አንዳንዱ በሆዱ ያርፋል፤ አንዳንዱ አፍንጫውን ይዞ ይዘላል።

«ያንን ሰውዬ ተመልከቺ፣ ጀርባው የተቀቀለ ሸርጣን መስሏል። አትሳቂ፣ ነውር ነው። እነዚህን ሰዎች ማክበር አለብን ፔሪና። በተለይ የዋና ቁምጣ የለበሰ ሰው ካየሽ... እኔ ብድግ ብዬ ነው ወንበር የምለቅለት። ለምን ትይኝ ይሆናል። ቆይ፣ እሱን ኋላ አጫውትሻለሁ።»

ፔሪና ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ትስቅ ነበር።

«ሥራውን የሚወድ ሰው ግን ደስ ይለኛል። አንቺም ስታድጊ ሥራሽን ውደጂ። አንድ ሰው አለ... ስሙን ተይው፣ ስም ምን ያደርጋል? እንደሱ ያለ ትጉህ በዚህ ባሕር ዳርቻ አልተፈጠረም። ራሴን አመመኝ ብሎ አይቀርም። ደከመኝ አይልም። ከቤተሰብ ሰው ታሞብኛል አይልም። ሌላው ሰው እኮ በትንሽ በትልቁ ነው ሥራ የሚፈታው፤ አንዱ ሠርግ አለብኝ ይላል፣ አንዱ... በይ ጣትሽን አውጪ፣ ዳቦ አለልሽ።»

ካፒቴኑ መሪው ላይ የተሰቀለውን ፎጣ አንሥቶ እጁን ጠረገ። እጁ ደረቅ ነበር።

በሁለተኛዋ ደሴት፣ በሎፑድ፣ አሸዋማው ዳርቻ ላይ ሰዉ ሁሉ ወረደ። ኒክሻ ግን ከወንበሯ አልተነሣም። ከጀልባው በታች አንድ ፈረንሳዊ አባት ሴት ልጁን ዋና ያስተምራታል። አገጯን በመዳፉ ደግፎ ይዞ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ ልጅቱ እግሯን እያራገበች ውሃውን ፊቱ ላይ ትረጭበታለች።

«እንዲያ ነው ዋና የሚማሩት። አገጭ በመዳፍ ላይ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሺፓን ላይ የተወለደች። እሷንም ታላቅ ወንድሟ እንደዚሁ ነው ያስተማራት። ‹አልለቅሽም፣ አልለቅሽም› ይላት ነበር አሉ። አልለቀቃትምም። እሷ ራሷ ናት በኋላ የጠገበች፤ እኔ ብቻዬን እችላለሁ አለችው፣ ሄደች። ይህን ታሪክ ሠርጓ ላይ ሳይቀር አውርታዋለች። ወንድሟ ያን ዕለት አልቅሶ ሸሚዜን አበላሽቶብኝ...» ኒክሻ አቋረጠ። «ሸሚዙን አበላሽቶበታል፤ የባልየውን ሸሚዝ ማለቴ ነው።»

ካፒቴኑ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ወደ ሺፓን ሲያቀኑ ምሳ ወጣ። የተጠበሰ ዓሣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ዳቦ፣ በጆግ የሚቀዳ ወይን። ጎብኚዎቹ ዓሣውን በሹካ ሊበሉ ሲታገሉ ቆዩና ኋላ ሁሉም በእጁ ገባበት። የዓሣውን ጭንቅላት ለባሕር ወፎች ይወረውሩላቸዋል፤ ወፎቹም እየተሳደቡ ይቀልቡታል። ኒክሻ ለፔሪና እሾሁን እየለቀመ አጎረሳት። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፣ ከፍም አላደረገም።

«እንግዲህ የቁምጣውን ነገር ላጫውትሽ። ያቺ ልጅ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። ከዚያ ሞተች። ነሐሴ ላይ። ጥፋቷ ገባሽ? በነሐሴ ይሞታል እንዴ? ወደቡ በእንግዳ ተጨናንቆ፣ ጀልባው ሁሉ ሞልቶ እያለ፣ ሰው ትንሽ ለሌላው አያስብም? እንግዳ የሌለበት ጥር ምን አላት? ግን ጊዜ መምረጥ ድሮም አይሆንላትም። ሁልጊዜ ሰው ሥራ ላይ እያለ ነበር የምትደውለው። ታዲያ ወንድሟ ተቀየማት? በጭራሽ። ሆደ ሰፊ ሰው ነው።

«ደሴቲቱ ላይ ሰው በሚቀበርበት ቀን ጀልባ አይወጣም። መረብ ጣዩም አይጥልም። ከቤተሰቧ ጋር በመሬት ድንበር የሚካሰሱት እንኳ ያን ዕለት ገመዳቸውን አስረው፣ ጥቁር ለብሰው ወደቡ ላይ ቆመዋል። ሣጥኑን ደግሞ በራስጌ በኩል የሚሸከመው ወንድም ነው። ባል እንኳ አይፈቀድለትም። ባልየውማ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል፤ ሌላ የሚሸከመው አልሰጡትም። እና ሣጥኑን ከቤት አውጥተው ወደቡ ላይ አሳረፉት። ጠበቁ። ማንን ትይኝ ይሆናል... ወንድም አላት ብለው ነዋ። የደሴት ሰው የዋህ ነው። ቄሱ ላቡን ይጠርጋል፣ ሴቶቹ በአበባው ይራገባሉ። እኔ... ባልየው፣ ሣጥኑ ፀሐይ ላይ መሆኑ ነበር የሚያሳስበው።

«በዚህ መሃል አንዲት ያማረች ጀልባ ከች አለች። በሰዓቷ፣ ደቂቃ ሳታዛንፍ። ሙዚቃዋም... አይ፣ ውሸት አላስተምርሽም፣ ሙዚቃውን ቀንሶታል። ሰዉ ‹ይኸው መጣ› አለ። እውነትም መጣ። ገመድ ጣለ። ድምፅ ማጉያውን አነሣ። ምን አለ መሰለሽ? በአምስት ቋንቋ ነው ያለው፣ ማንም ቅር እንዳይለው። ‹እስክንጠራችሁ ድረስ ነፃ ናችሁ። አይስክሬም ቤቱ በስተግራ ነው።› አርቆ አሳቢነት ማለት ይሄ ነው። በስተቀኝ እኮ ሣጥኑ ነበር። ሰው ተሳስቶ ወደ ቀኝ ቢሄድስ?»

አንዲት ሽማግሌ ተሳፋሪ ለፔሪና ወይን ፍሬ ሰጠቻትና ጉንጯን ዳሰሳት። ኒክሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት። ሴትዮዋ አባትየው ለልጁ ተረት የሚነግራት መስሏት ፈገግ ብላ ተመለሰች።

«እሱ ከመሪው አልተነቃነቀም። በምን ያምናል? ገመድ ታስሮ የቆመ ጀልባ ድንገት ተነሥቶ ቢሄድስ? እንግዶቹ ወረዱ። ፎጣ አንገታቸው ላይ፣ ነጠላ ጫማ እግራቸው ላይ። ከነሱ መሃል አንድ ረጅም ሰውዬ ነበር። የሆላንድ ይሁን የዴንማርክ አልጠየቅነውም። ከባሕር የወጣ፣ ቁምጣው ውሃ የሚያንጠባጥብ። ቆሞ አየ። ሦስት ሰዎች ሣጥኑን ሊያነሡ ጎንበስ ብለው፣ አራተኛው ጥግ ባዶ መሆኑን አየ። ሁሉም ሰው ወደ ጀልባው እንደሚያይ አየ። እነዚህ ሰዎች ከኛ መሃል ሰው ይፈልጋሉ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። ፎጣውን ለሚስቱ ሰጠ፣ መጣ፣ ትከሻውን አስገባ።

«የከለከለው የለም። በባዶ እግሩ፣ በሚፈጀው ድንጋይ ላይ፣ ኮረብታውን ይዞት ወጣ። ከሁሉ በቁመት ስለሚበልጥ ሣጥኑ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን ዘሞ ነበር። ቄሱ ዞር ብሎ ያን ባዶ ደረትና ያን ቁምጣ ሲያይ ጸሎቱ ጠፋበት፤ ካቆመበት የቀጠለ አይመስለኝም። እናትሽ ብታየው ኖሮ ሳቋ...»

«እናትሽ» ሊል አልፈለገም ነበር። ከአፉ አመለጠው። ውሃ ከጠርሙሱ ተጎነጨና ለልጁም አጠጣት።

«ሰው ግን ክፉ ነው ፔሪና። ወንድሟ አልቀበራትም ብለው ያማሉ። እኔ እከራከራቸዋለሁ። ራሱ ባይመጣ ሰው ልኮላታል እላለሁ። በገዛ ጀልባው አሳፍሮ፣ አረቄ አጠጥቶ፣ ዓሣ አብልቶ፣ መልካም ትከሻ ያለውን መርጦ። ስንት ወንድም ነው እንዲህ የሚያደርግ?»

የካፒቴኑ አንገት ከጆሮው ሥር እስከ ኮሌታው ቀልቶ ነበር። የጀልባው ሙዚቃ ከመቼ ጀምሮ እንደ ጠፋ ኒክሻ አላስተዋለም። ሺፓን ፊት ለፊት ታየች፤ ወደቡ፣ ከወደቡ በላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ጥዶቹ። ኒክሻ ቦርሳውን ከፍቶ ሁለት ሻማ አወጣ። አሁን ድምፁ ትንሽ ተለወጠ።

«ዛሬ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። ሣጥን የለ፣ የሚከብድ ነገር የለ። ሁለት ሻማ ነው ያለኝ። አንዱን እኔ እይዛለሁ። ሁለተኛውን ለአንቺ እንዳልሰጥሽ ትበይዋለሽ... ታዲያ ማን ይያዝልኝ? ቄሱ ያን ሁሉ ሰዓት የጠበቀ ሰው ነው፣ ዛሬም ጥቂት ቢጠብቅ አይቆጣም። እኔም አልቸኩልም። ወርደን፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ጫማሽን አስርልሻለሁ። አንቺ ደግሞ እግርሽን ስለምታወራጪ ብዙ ጊዜ ይወስድብኛል... ብዙ ጊዜ።»

ጀልባው ወደቡን ነካ። ካፒቴኑ ገመዱን ወርውሮ ተመለሰና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደነሱ አዞረ።  ፔሪና ነጩን ቆብ አየችና እጇን ዘረጋች። «ባ» አለች። አገጯ የኔዳ ነው፣ ያው ክቡ፣ መሃሉ ሰርጎድ ያለው። ካፒቴኑ አገጯን አየው። እጁ ከጎኑ ጥቂት ተነሣ፣ መዳፉ ወደ ላይ ተከፈተ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሣ።

በአምስት ቋንቋ ተናገረ። ድምፁ ሻክሮ ነበር። እስክንጠራችሁ ድረስ ነፃ ናችሁ አለ። አይስክሬም ቤቱ በስተቀኝ ነው አለ። በአምስቱም ቋንቋ በስተቀኝ አለ። ይህን ያህል ዘመን ሲመላለስ ተሳስቶ አያውቅም። በስተቀኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ መቃብሩ ከሚወስደው መንገድ በቀር ምንም የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ቁምጣውን አስተካክሎ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አይስክሬም ፍለጋ ወደ ኮረብታው መንጎድ ጀመረ። የሚመልሳቸው አልነበረም።

ኒክሻ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። የፔሪናን ጫማ አሰረ። ፈታው። መልሶ አሰረው። ካፒቴኑ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ባሕር ባሕሩን ያያል፤ ጀልባው ታስሮ እያለ መሪውን አጥብቆ ይዟል። ኒክሻን አሳዘነው። አንዴ ጠርቶት ሊሄድ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ወደ ኮረብታው ቀና ሲል፣ ጀርባው ሸርጣን የመሰለው ሰውዬ ጥዶቹ ሥር ደርሶ አየው። ተነሣ። ልጁን ታቅፎ ወደ ጀልባው ጠርዝ ተጠጋና ትንሿን እጇን አንሥቶ አወዛወዘለት። ከዚያ በፊት አንተ እንጂ እርስዎ ብሎት አያውቅም።

«ስለ መልካሙ ጉዞ እግዜር ይስጥልን ካፒቴን። አምና አንድ ሰው ልከው ነበር፣ ዘንድሮ ሕዝቡን ሁሉ ላኩላት፤ ውለታዎ አያልቅም። አሜን በይ ፔሪና፣ እየመረቅን ነው። ጀልባዎ ጎድሎ አይዋል። ባሕሩ እንደ ዛሬ ይተኛልዎ። ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጠግበው ይኑሩ። ቀንዎ ሲደርስ ደግሞ... በጥር ያድርግልዎ። እንግዳው አገሩ ገብቶ፣ ጀልባው ሁሉ ታስሮ፣ የሚወድዎት ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀን ይሁንልዎ... ትከሻ እንዳያጡ።»