ልጄ የሰው ገመና አላወጣም

የምስክር ቃል
ቃል ሰጪ፦ የሟች እናት፣ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ልብስ በካውያ ተኳሽ
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ከአሮጌው ማተሚያ ቤት ጀርባ፣ ምድር ቤት፣ አረንጓዴው በር
ቀንና ቦታ፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል
መርማሪው እየጠየቀ ምስክሯ በእጇ የጻፈችው

የልጄ መርዶ የደረሰኝ ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ቀን አንሶላ ስተኩስ ነው። የክፍሉ ኃላፊ መጥታ "እስቲ ካውያውን አስቀምጪው" አለችኝ። ሁልጊዜ "ቶሎ በይ" የምትል ሴት ስለሆነች፣ አስቀምጪው ስትለኝ ክፉ ወሬ እንደያዘች ገባኝ። ልጄ ቢሮው ውስጥ ድንገት ወድቆ ሆስፒታል ሳይደርስ አርፏል። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ሐዘኔ ሳይበርድ የልጄ ደንበኛ የነበሩ አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት እንደከሰሱት ሰማሁ። እሳቸው ልጄ በሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ያስቀመጡትን የግል ጽሑፍ እሱ ራሱ አንብቦ ለሰው አሳልፎ ሰጥቷል ነው የሚሉት። መርማሪው ስለዚህ ጉዳይ የማውቀውን ጠየቀኝ። ሊጽፍልኝ ነበር፤ ስለ ልጄ የሚባለውን ራሴ ልጻፈው ብዬ ለመንኩት። እጄ ቀርፋፋ ቢሆንም ታግሶኛል።

ፕሮግራሙ ጓዳ ይባላል። ሰው ማስታወሻውን፣ ደብዳቤውን ጽፎ ይቆልፍበታል። የተጻፈው ከሰውየው ኮምፒውተር አይወጣም፤ ሠሪውም ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲበላሽ ልጄ ብልሽቱን የሚያውቀው ሰዎቹ በቃላቸው ሲያስረዱት ብቻ ነው።

ልጄ በዚህ ጠባይ ነው ያደገው። ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፤ የኛን አልጋ ከሱ አልጋ የሚለየው መጋረጃ ነው። መጋረጃ አይንኳኳም፣ እሱ ግን የቁም ሳጥኑን ጎን አንኳክቶ "እማዬ፣ ልግባ?" ይል ነበር። አባቱ በሕይወት ሳለ "ይሄ ሰውዬ ቀጠሮ አለው ወይ?" እያለ ይስቅበት ነበር።

ጓዳን መጀመሪያ የሞከርኩት እኔ ነኝ። አሮጌ ላፕቶፑን ሰጠኝና ለሟቹ አባቱ ልነግረው የምፈልገውን ሁሉ እጽፍበት ጀመር። አንድ እሑድ አልከፈት አለኝ። ልጄን ጠርቼ "ና እስቲ እየው፣ ተበላሸብኝ" አልኩት። ወንበሩን አዙሮ ለኮምፒውተሩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

"ተበላሸ ብቻ አይበቃኝም እማዬ። ምን ስታደርጊ ነበር? ምን ይሆናል ብለሽ ጠበቅሽ? ምን ሆነ?"

"አንተ ልጅ፣ ዞር ብለህ ብታየው ምን ትሆናለህ?"

"ድንገት ቢከፈትስ? የጻፍሽውን አያለሁ። ስለ እኔ ነው አይደል?"

"ስለ አክስትህ ነው።"

"እንግዲያው ጭራሽ አልዞርም። ኋላ ምስክር ልታደርጊኝ ነው።"

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቀይ የብልሽት መልእክት አነበብኩለት። ጽፌ ስጨርስ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። አቧራ እንዳይገባበት ክዳኑን ከድኜ ጨርቅ አለብሰዋለሁ አልኩት።

"ወዲያው?"

"ታዲያ አቧራው እስክጨርስ ይጠብቀኛል?"

እጁን አጨበጨበ። ለካስ ፕሮግራሙ የጻፍኩትን አስቀምጦ ሳይጨርስ ክዳኑን እዘጋበት ኖሯል። ሳምንት ሳይሞላው አስተካክሎ መጣ፤ ከመጨረሻዋ መስመር በቀር የጻፍኩት ሁሉ ተገኘ። እንዲህ ያሉ እሑዶች ብዙ ነበሩን። እሱ ግድግዳውን እያየ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። አንዳንድ ጊዜ ቶሎ እንዳይሄድብኝ ያልተበላሸውንም ተበላሸ እል ነበር፤ እያወቀ ዝም ይለኝ ነበር።

ስለ ፎቶ ቤቱ ባለቤት ያየሁትና የሰማሁት ይህ ነው። ልጄ ከመሞቱ በፊት በነበረው ወር፣ እሑድ ምሳ ላይ ስልክ ደወለላቸው። እጁ ምግብ ስለነካው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ የሁለቱንም ሰምቻለሁ። ተጠቃሚዎች ብልሽት የሚያመለክቱበት የኢንተርኔት ገጽ አለ፤ የገባ ሁሉ ያየዋል። ባለቤቱ "ጽሑፌ ሲታተም ግርጌው ይቆረጣል" ብለው የስክሪናቸውን ፎቶ እዚያ ለጥፈው ነበር።

"ጋሼ፣ ፎቶው ላይ የግል ጽሑፍዎ ይነበባል። ሰው ሁሉ የሚያየው ገጽ ነው፤ ያንሱት።"

"አንተ ልጅ፣ ቤቱ ለሚቃጠልበት ሰው መጋረጃህን እጠፍ ይባላል? መጀመሪያ ማተሚያውን አስተካክልልኝ!"

"አስተካክላለሁ ጋሼ። ፎቶውን ግን አሁኑኑ እኔ ላንሳው?"

"የፈለግከውን አድርግ፤ ብቻ ግርጌዬን አምጣልኝ።"

ልጄ ምሳውን ትቶ እጁን ታጠበና ፎቶውን ከገጹ አነሳ። አንብበኸዋል ወይ አልኩት። "የመጀመሪያዋን መስመር አይቻለሁ እማዬ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው" አለኝ። ምን ትላለች ብዬ ብጠይቀው "እማዬ!" ብሎ ተቆጣኝ። ምን እንደምትል እስከ ዛሬ አላውቅም። መስመሯን ማየቱን የጻፍኩት ሊጎዳው እንደሚችል እያወቅኩ ነው። ፎቶው ሳይነሳ ማን ማን እንዳየው አላውቅም። መቼ እንደተለጠፈና መቼ እንደተነሳ ገጹ ራሱ ስለሚመዘግብ፣ ሥራውን የተረከበውን ባልደረባውን መጠየቅ ይቻላል።

ዛሬ ጠዋት የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋር ተገናኘን። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እህቴ፣ ወንድሜ የአባታችንን ቤት ልሸጥ ማሰቤን ሰማና ተጣላን። ከየት እንደሰማ ግራ ገብቶኝ ለልጅሽ ደጋግሜ ጻፍኩለት፤ መልስ አጣሁ። ተደበቀብኝ ብዬ ከሰስኩት። ማረፉን አሁን ካንቺ ሰማሁ" አሉኝ። ስለ ፎቶው ሳስታውሳቸው "ለካስ ለሰው ያሳየሁት ራሴ ነኝ" አሉ። ክሱን እተወዋለሁ አሉኝ። ለእኔ ግን መተው አይበቃኝም። ልጄ ይህን እንዳላደረገ በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍልኝ እለምናለሁ።

የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ለልጄ ብዬ የጨመርኩት፣ ፈርቼም የቀነስኩት የለም። ይህን መዝገብ የምታነቡ ሁሉ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤትም ጭምር፣ ልጄ ያልመለሰላችሁ ሞት ቀድሞት ነው። እንደየእምነታችሁ ነፍሱን አሳርፍለት ብላችሁ ጸልዩለት።

የምስክሯ ፊርማ ..................
የመርማሪው ፊርማ ..................