ከበጋችን ጉበት የወጣው

ዳባት፣ እናቴ ቤት፣ የፋሲካውን በግ ጉበት ጥሬውን ልጎርስ ስቆርጠው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል እየተንፏቀቀ ወጣ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ጎረቤታችን የከብት ሐኪም ነውና ጠርቼ አሳየሁት።

«የጉበት ትል ነው። ከወንዝ ዳር ሣር ጋር ይገባል።»

«ሰውንስ ይይዛል?»

«እንዴታ! ውኃ ዳር የበቀለ ነገር ጥሬውን ያኘከ ይያዛል።»

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። ልብስ ልታጥብ ወንዝ በወረደች ቁጥር ቄጤማ ታኝካለች። ጎኔን ወጋኝ ማለት ከጀመረችም ወራት አልፏል፤ እኛ ግን ጨጓራ ነው ብለን ተልባ እናጠጣት ነበር። ጎንደር ወስጄ ባስመረምራት የትሉ እንቁላል ተገኘባት። ደግነቱ መድኃኒት አለውና ድናለች። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የጎንደሩ ሐኪም «ሌላ ቄጤማ የሚያኝክ ሰው ያውቃሉ፣ እማማ?» ሲላት የመለሰችው ነው።

«የማያኝክ ማን አለ፣ ልጄ? ወንዝ የወረደ ሁሉ!»