አስታማሚም ይጻፍልኝ

— ሃሎ!... አዎ፣ የሠርኬ ሱቅ ነው። ራሷ ነኝ... አንተ ፈለቀ! ድምፅህ ቢሮ ስትገባ ይወፍራል ልበል? የጎረቤቴ ልጅ መሆንህንም ረሳሁት... ደህና ነኝ፣ ይመስገን። የኢንሹራንሱ ነገር ምን ደረሰ?

— አዎ፣ ሐሙስ ነው የምበረው። ቤይሩት። የልብስ ቁልፍና ዳንቴል ከአስመጪ እጅ እየተቀበልኩ እስከ መቼ? ራሴ አይቼ፣ ራሴ መርጬ ላምጣ ብዬ ነው።

— ሁለት ዓይነት ነው?... እሺ... አንደኛው ብሞት ለቤተሰብ የሚከፍል... ሁለተኛው ብታመም ሐኪም፣ አልጋ፣ መድኃኒት... ገባኝ። የሞቱን ጻፍልኝ... ምን ያስገርምሃል? ለእናቴ ጠቀም ያለ ነገር ይትረፋት ብዬ ነዋ!

— ቆይ አንድ ጊዜ... እቴቴ፣ ምን ሆንሽ? ኧረ ማንም አልሞተም!... ለሞት የሚከፍል ነው ያልኩት እንጂ ልሙት አላልኩም!

— ሃሎ፣ ፈለቀ፣ ትሰማኛለህ?... እናቴ ናት። ከጠዋት ጀምራ በርጩማው ላይ ተቀምጣ «አትሄጂም፣ አልመርቅሽም» ትላለች። እሷ ካልመረቀችኝ ደግሞ፣ ታውቀኛለህ፣ እግሬ ያንን የአውሮፕላን መሰላል አይወጣም... አትሳቅ!

— ምን አልሽ እቴቴ?... «ለሞትማ እድር አለን» ትላለች። «ድንኳን የሚተክል ሞልቶናል። በቁሟ ብትታመምስ ማን አላት?»... እውነቷን እኮ ነው። እኛ መቼም ኢንሹራንስ ሲሉን እድር ነው የሚመስለን። በቃ፣ የሕመሙን አድርገው።

— ቆይ፣ አላበቃችም... አስታማሚስ?... አስታማሚ ነው ያልኩህ! ሆስፒታል ብተኛ አጠገቤ የሚያድር... ነርስ አለ?... እቴቴ፣ ነርስ አለ ይላል... «ነርሷ የሰፈራችንን የመሳለሚያን ወሬ ታወራታለች? አጥሚትስ ታሞቅላታለች?» ነው የምትልህ... አንተስ ብትሆን፣ ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን የተደረግክ ጊዜ ከአልጋህ ሥር ሰሌን አንጥፋ ያደረችው ማን ናት? እናትህ አይደለችም?... እህ!

— ውሉ ላይ የለም? በል አለቃህን ጠይቀው። አዎ፣ ፈረንጁን። እጠብቃለሁ።

— ሊጠይቅልን ሄደ እቴቴ... እኔ እንጃ፣ ፈረንጅ ብቻውን ነው አሉ የሚታመመው... አንተ ጠይብ! ያንን የሱቅህን ሬዲዮ ቀንሰው በናትህ፣ ስልክ ላይ ነኝ!

— ሃሎ... አለሁ፣ አለሁ። ምን አለ?... ሳቀ?... ከዚያስ?... እሱም ካይሮ ታሞ ተኝቶ ነበር?... ጠያቂ እንኳ ሳይኖረው? ውይ፣ የሰው ልጅ!... ይጻፍላት አለ?! የአንድ አስታማሚ ቲኬት?... ትንሽ ይወደዳል? ይወደድ!

— እቴቴ፣ ተፈቀደ! ሆስፒታል ብተኛ አንቺን በአውሮፕላን ያመጡልኛል!... የት ልትሄጂ ነው?... ነጠላሽን ምን ታጣፊዋለሽ?

— ጉድ መጣ ፈለቀ። አስታማሚ ፓስፖርት ያስፈልገዋል ወይ ትላለች... እቴቴ፣ ያስፈልገዋል ይላል... አሁን?... ሲኒማ ራስ ጋ ካለው ፎቶ ቤት ውሰጂኝ ትላለች! «አትሄጂም» እያለች ስንጨቃጨቅ የዋልነው ከዚህችው ሴትዮ ጋር እኮ ነው!

— እቴቴ፣ ብታመም እኮ ነው። ካልታመምኩ አትመጪም... እ?... እ... አሜን። አሜን...

— ሰማሃት? «አትታመሚም፣ መርቄሻለሁ፤ ፓስፖርቱ ግን ይውጣ» አለች... መረቀችኝ እኮ ፈለቀ!

— ምን?... የአስታማሚውን ስም ማን ልበል? ማንን ልትል ነው ታዲያ!... ቆይ፣ በሩ ላይ ሆና ቤይሩት ይበርዳል ወይ እያለች ነው... በእነሱ ክረምት ይበርዳል?... እቴቴ፣ ጋቢ ያዢ ይላል!... እቴቴ!... በል ልዝጋው ፈለቀ፣ ጥላኝ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች።