የተላጨው ጎማና የከፈዩ ወንበር

«ኦቦ ፈዬራ፣ አካም ቡልተን? ደኅና አደሩ? ሐምሌ ዘንድሮ ጨከነብን እኮ... ዣንጥላዬን ገለበጠው። ጉልበትዎስ ተሻለዎ? ኧረ ይቀመጡ፣ ለእኔ ብለው አይነሡ!»

ወይዘሮ ሸዋገነት ይህን እያሉ ከጎሚስታው ከፈዬራ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ገቡ። አማቻቸው፣ የልጃቸው የእታገኝ ባል፣ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ጎማ ሲያገላብጥ ነበር። ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። እሳቸውም በፈገግታ «እንደምን አደሩ» አሉትና ፊታቸውን ወደ ፈዬራ መለሱ። አማች አይዘለፍም፤ በስሙም አይጠራም። እሳቸው ያልጠሩትን ስም እኛም አንጠራውም።

ሆዳቸው ግን ቆስሏል። ቅዳሜ በዝናብ፣ የአማቻቸው ትንሿ ፊያት ቁልቁለቱን ተንሸራታ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አፍ ላይ ለጥቂት ቆማ ነበር። ውስጧ ወሯ የገባ እታገኝ ተቀምጣለች። ልጅቱ እየሳቀች አወራችው፤ እናትየው ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ምጡ ሲመጣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ያው ሰው በዚያው መኪና ነው። ዛሬ ጎማ ሊገዛ መውጣቱን ሰምተው ነው ገስግሰው የመጡት። እሱ ደግሞ በሁለት ዓይነት ጎማ መካከል ቆሟል። አንዱ ጥርሱ ያለቀ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያበራ ርካሽ ነው። ሌላው ያገለገለ ቢሆንም ጥርሱ ደኅና ነው፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። እጁ ያረፈው ርካሹ ላይ ነበር።

«እኔማ ለወሬ ነው የመጣሁት። ስለ ጎማ ምን አውቄ? በቅሎ እንጂ መኪና መች ነዳሁ... አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ ስሙ ይቆየን። እንዴት ያለ ጨዋ መሰለዎ! ንጽሕናውማ ለጉድ ነው። ጢሙን በየማለዳው ይላጫል። ጢሙን ብቻ? ጎማውም የተላጨ ነው! ምላጭ ቢያስነኩት የሚቆርጠው አያገኝም...»

አማችየው ሳያስበው አገጩን ዳሰሰ።

«ወንበሩንስ ቢያዩት? ቀይ ከፈይ፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ ያለው! ጥሩምባው ሲነፋ እጃጂ ከተማ ድረስ ይሰማል ይላሉ። ደግ አደረገ፤ መኪናይቱ አልቆም ስትል ሰው ቀድሞ ይሸሻላ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል የድሮ ሰዎች... ከከፈይ ጎማ ይቅደም ያለ ግን አለ? የለም። ውስጡን ለቄስ ሲባልም እሰማ ነበር። የዚህ ሰው ደግሞ ላዩ ለአምቦ ሰው ነው፣ ታቹ ለሁሉቃ።»

ፈዬራ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ያልጠፋበትን መፍቻ ፈለገ።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ዝናብ ላይ መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ጥርሱ ነው አይደል? ውኃውንም በስንጥቁ የሚያወጣው እሱ ነው ብለውኝ ነበር። ታዲያ ጥርስ የሌለው በምኑ ይያዝ? ቀለሙማ ያምራል! የቀባው እጅ ይባረክ... ግን ድልድይ ቀለም ያያል እንዴ?»

ፈዬራ መሳቁን ተወ።

«ቁጠባስ ቢሉ? እንደሱ ያለ ቆጣቢ አላየሁም። ሚስቱን ሐኪም ቤት ድረስ ከሚያደክማት፣ እዚያው ድልድዩ ላይ ትገላገልለት ብሎ አስቦላት ይሆናል... ማን ያውቃል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለፈሪ ነው። እሱ ተንሸራቶ ሲቆም ‹ፍሬኔን አያችሁት!› ብሎ ሳቀ አሉ። ሳቀ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል... የዘንድሮው እንቁላል ግን ገና ሳይፈለፈል በተላጨ ጎማ ይሄዳል።»

እዚህ ላይ ፈገግታቸው ጠፋ። ፈርተዋል፤ ያለቻቸው ይህችው አንዲት ልጅ ናት። ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግታቸውን እንደገና አመጡት።

አማችየው አንገቱን እንዳቀረቀረ ከባለጥርሱ አንድ ጎማ አነሣ። እሰይ ሊሉ ነበር። እሱ ግን ከተላጨውም አንድ አንሥቶ ጎን ለጎን አቆማቸው፤ ሁለት ባላንጣ ያስታረቀ ሽማግሌ ይመስል ደስ ብሎታል። አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ መሆኑ ነው። ወይዘሮ ሸዋገነት ሁለቱን ጎማዎች ተራ በተራ አይተው ዣንጥላቸውን አነሡ።

«በሉ ደኅና ዋሉ፣ ኦቦ ፈዬራ። ያን ሰው ድንገት ካገኙልኝ ምርቃቴን ያድርሱልኝ። ልጁን በሰላም ይቀበል። ልጁም ይደግለት፣ ይማርለት፣ ወግ ማዕረግ ያሳየው። አባትየው አርጅቶ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ዓይኑ ሲደክም፣ የሰው እጅ ሲያይ... ያ ልጅ ያስብለት። ልክ አባቱ ዛሬ ለእሱ ባሰበለት መጠን ያስብለት፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ! አሜን ይበሉ እንጂ።»